የሰው ሹራብ ለብሼ አድማጭ ሆንኩ

በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ! ፌስቡክ የከፈትኩትም የሰው ሰርግ ፎቶ ለማየት ነው። አይቼ፣ ላይክ አድርጌ እወጣለሁ። ኮመንት ስጽፍ ያየ ካለ ይመስክር።

ዛሬ ግን ካልጻፍኩ ሆዴ ይፈነዳል።

ስሜ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ማይክ፣ ለሁለት ሽልማት ተጠራ። በሁለቱም ተዋረድኩ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ስሜ አትጠገብ ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እናቴ ስትታመም ሉማሜ ሻይ ቤት ተቀጠርኩ፣ ከዚያ ወደ ማርቆስ መጣሁ፣ አለቀ። ረጅም ታሪክ አይደለም።

ደግሞ ዓይነ አፋር ነኝ። ሲበዛ! ባጃጅ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ከሰፈሬ አልፌ ሄጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። እንደኔ የሆናችሁ እስቲ እጅ አውጡ።

አታወጡም። አውቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ነው።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጋዋኔን አጥቤ አልደረቀም። የማርቆስን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ከጠፉ ዕቃዎች ሳጥን ውስጥ አንድ አረንጓዴ የተማሪ ሹራብ አገኘሁ። ከአምና ጀምሮ ባለቤቱ አልመጣለትም። ለበስኩትና አዳራሽ ገብቼ ወንበር መደርደር ጀመርኩ።

ደርድሬ ሳልጨርስ ሰው ገባ። ስብሰባው ተጀመረ። መውጫው ደግሞ በፊት በኩል ነው። ስልሳ ሰው እያየኝ አቋርጬ ልውጣ? እኔ?

ከኋላ ቁጭ አልኩ።

ለካ ሥልጠና ነው። "የአቻ ለአቻ አድማጮች" ይባላል። የጨነቀው ተማሪ መምህር ከሚፈራ እኩያውን ያናግር፣ እኩያው ደግሞ በበጎ ፈቃድ ቁጭ ብሎ ይስማው ነው ነገሩ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ባለ መነጽር አሠልጣኝ "ከእናንተ መሀል ብዙ የማያወራ ማነው?" ስትል ስልሳው ሁሉ እጁን አውጥቶ ጮኸ።

"እኔ! እኔ! ቲቸር፣ እኔ!"

እሷ በጩኸቱ መሀል እኔን አየችኝ።

"አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው፣ ተነሽ። ይህችን አያችኋት? አድማጭ ማለት እንዲህ ናት!"

"እኔ እኮ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል! አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። መልሼ ዘጋሁት።

ስሜን ጻፈችው።

ሦስት ቀን ሠለጠንኩላችሁ። አትምከሩ፣ አትፍረዱ፣ የሰማችሁትን ለማንም አትናገሩ። ይህ የመጨረሻው "ኮንፊደንሻል" ይባላል። ደብተር ስላልነበረኝ መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ሲያልቅ ሰርተፍኬትና "አድማጭ" የሚል ባጅ ሰጡኝ።

"ተማሪዎቹ እንዴት አላወቁሽም?" ትሉኝ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ፈረቃ ነዋ! ለጠዋቶቹ የከሰዓት ተማሪ መሰልኳቸው። ለከሰዓቶቹ የጠዋት። ደግሞስ ጋዋን የለበሰን ሰው ፊቱን ማን ያየዋል? ስጠርግ እግራቸውን ያነሡልኛል፣ በቃ።

"ታዲያ ለምን እውነቱን አልተናገርሽም?" የሚልም አይጠፋም።

እህ። ይኸን መጻፍ አሳፈረኝ። ያን ሹራብ በምለብስባት አንድ ሰዓት ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመች ልጅ አልነበርኩም።

እዚህ ላይ እንለፈው!

የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ ባለችው ሰዓት እናዳምጣለን። ሌሎቹ አድማጮች ባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ ሰው ሲያየኝ ስለምደነግጥ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ስቶር ውስጥ፣ የተሰበረ ዴስክ መሀል ተደበቅሁ። ቁልፉ ድሮም እኔ ጋ ነው። መጥረጊያዎቼ የሚቀመጡት እዚያው ነው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ረጅም የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው። ዲያቆን ነው። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከቤት በሚላክላቸው ስንቅ ከሚማሩት አንዱ። (ጥፋቱን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። "ዲያቆን መሆኔንም አትርሺ" ብሏል።)

አብሮት ለሚኖረው ልጅ እናቱ ድርቆሽ ልካለታለች። ዲያቆናችን ሦስት ቀን ሙሉ እየሰረቀ በላው። ልጁ "ድርቆሼ ጎደለ" ሲል "አይጥ ነው" አለው። ይባስ ብሎ አብረው ወጥመድ አጠመዱ!

ሰማሁት። አልመከርኩም። አልፈረድኩም። አልሳቅሁምም፣ እሱ ነበር የከበደኝ።

ጨረሰ። ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ።

"እሺ" አለኝ በመጨረሻ። "ቀኖናዬስ?"

ይኸውላችሁ! ጎጃም ነው ያለነው። እዚህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጥፋቱን የሚናገረው ለንስሐ አባቱ ነው። ንስሐ አባት ደግሞ ሰምቶ ዝም አይልም፤ ይህን ያህል ስገድ፣ ይህን ያህል ጹም ብሎ ቀኖና ይሰጣል። ጥፋቱን ተናግሮ ባዶ እጁን መውጣት ማን ለምዶ?

ሥልጠናው ላይ ይኸ አልተነገረንም!

ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያይ ጭንቅላቴ ባዶ ነው የሚሆነው። በዚያ ባዶ ጭንቅላት ውስጥ የቀረች አንዲት ነገር ነበረች፤ ከጠዋት ጀምራ ስታስጨንቀኝ የዋለች። እሷ አመለጠችኝ።

"ዘጠነኛ ጂ አልተጠረገም።"

ልጁ ተነሣ። እጅ ነሣኝ። ከጀርባዬ መጥረጊያ መዘዘና ሄደ!

ሮጬ ደረስኩበት። "ስማ፣ እኔ እኮ ቄስ አይደለሁም!"

"አውቃለሁ" አለኝ ተረጋግቶ። "ስግደቱንማ ለምጄዋለሁ። ጥርጊያ ነው የሚከብደኝ።"

ዘጠነኛ ጂ እንደዚያ ተጠርጎ አያውቅም። ጥጋ ጥጉ ሁሉ!

በማግሥቱ ሦስት ሰው መጣ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሰልፍ ሆነ። ባሕር ዛፉ ሥር "ምን ተሰማህ?" ተብሎ የተጠየቀ ልጅ የተሰማውን ይዞ ይመለሳል። የእኔ ደንበኛ ግን አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ቀልሎት ይወጣል።

(እነዚህም "ስማችን አይጠራ እንጂ ጻፊው" ብለውኛል።) ፈተና የኮረጀ ሰሌዳ አጠበ። አርባ ሰባተኛ ወጥቶ ለአባቱ "ሦስተኛ ወጣሁ" ያለ መስኮት ወለወለ። አዲስ አበባ ባለ መኪና አጎት አለኝ እያለች ዓመት ሙሉ ጓደኞቿን ያስቀናችው ልጅ (አጎትም የለ፣ መኪናም የለ!) ሁለት ክፍል ጠረገች። አንዱን ለአጎትየው፣ አንዱን ለመኪናው።

የሚከራከሩም አሉ። ግን ወደ ላይ ነው የሚከራከሩት!

"ሰሌዳ ብቻ?" አለኝ አንዱ፣ ቅር ብሎት። "ያጠፋሁት በደንብ አልገባሽም መሰለኝ። ጨምሪልኝ እንጂ።"

"እሺ... ኮሪደሩን።"

"ኮሪደር! አንቺ ደግሞ ትንሽ እንኳ አትጨክኚም?"

ሽንት ቤቱን ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ።

እኔስ? እኔማ ሹራቤን ለብሼ ቁጭ! ለሥራ የተቀጠርኩት እኔ፣ የሚሠሩት እነሱ። ከልክዪ ብባል አቅቶኝ ነው? አንዱን እንኳ "ተው፣ እኔ እጠርገዋለሁ" ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወገቤም ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ የሺ መጣች።

የሺ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ይጁቤ አካባቢ ካለ ገጠር የመጣች። እኔ ጋ ከመምጣቷ አንድ ሳምንት በፊት ጋሽ ይበልጣል ፀሐይ ላይ ሲያንበረክኳት ግቢው በሙሉ አይቷል። ከጎኗ ልጅ ደብተር ላይ ስትገለብጥ ነው የያዟት። ጋሽ ይበልጣል ዩኒት ሊደራችን ናቸው፤ የሥነ ሥርዓት አለቃ። ኮቴያቸው ሲሰማ ግድግዳው ራሱ ቀጥ ይላል። እኔን የቀጠሩኝም እሳቸው፣ የሚያባርሩኝም እሳቸው።

የሺ የነገረችኝን ዛሬ ራሷ በማይክ ስለተናገረችው ልጽፈው እችላለሁ።

ሰሌዳው አይታያትም። ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ሁሉ ነገር ጉም ነው። አባቷ ካወቀ "ዓይንሽ ከታመመማ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ ግቢ" ብሎ ከትምህርት ያስቀረኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ትገለብጣለች። ስለዚህ ትንበረከካለች።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። "ለማንም!"

"ኮንፊደንሻል" አልኳት። ከመዳፌ ቢለቅም በቃሌ ይዤዋለሁ።

እሷም ቀኖናዋን ጠየቀች። ምን አጥፍታ? ግን ባዶ እጇን ብሸኛት ቅር ይላታል። አሰብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልደነግጥ አሰብኩ።

"የመጀመሪያውን ዴስክ በየቀኑ ወልውይ። ስትጨርሺ እዚያው ቁጭ በይ።"

"የሰው ቦታ እኮ ነው።"

"ቀኖና ነው በያቸው።"

ቀኖና ማን ይከለክላል? የፊት ዴስኩ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደላት!

እንግዲህ ዛሬ።

ዛሬ የወላጆች ቀን ነበር። ሁለቱም ፈረቃ ባንድ ላይ! ይኸን ሳላስበው መቅረቴ እስካሁን ይገርመኛል።

ጋዋኔን ለብሼ፣ ባልዲ ይዤ፣ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ዳይሬክተሩ ማይክ ያዙ።

"ትምህርት ቤታችን እንደ ዘንድሮ ጸድቶ አያውቅም! የዓመቱ ምስጉን የጽዳት ሠራተኛ፣ አትጠገብ!"

ጭብጨባ። ከነባልዲዬ ወጣሁ። ብርድ ልብስ ተሸለምኩ። ለመውረድ ዞርኩ።

"ቀጥሎ፣ የሁለቱም ፈረቃ ተማሪዎች በሙሉ ድምፅ የመረጧት አድማጭ... አትጠገብ!"

እግሬ እዚያው ቀረ።

ዳይሬክተሩ ሰልፉን ይቃኛሉ። "ተማሪ አትጠገብ! የለችም? የከሰዓት ፈረቃ!"

"የጠዋት ናት!" አሉ የከሰዓቶቹ።

"የእናንተ ናት እንጂ!" አሉ የጠዋቶቹ።

"እኛ ጋ የለችም!"

"እኛስ ጋ መቼ አለች!"

ሺህ ተማሪ ይጨቃጨቃል። እኔ በአንድ እጄ ባልዲ፣ በአንድ እጄ ብርድ ልብስ ይዤ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ እለምናለሁ። ብርድ ልብሱን ልከናነበውም አስቤ ነበር።

ከሰልፉ በላይ አንድ አንገት ብቅ አለ። ዲያቆኑ!

"እሷው ናት! ባልዲ የያዘችው!"

ሺህ ተማሪ ባንዴ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

ጋሽ ይበልጣል ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"ልጆቹ ክፍል ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔ በራሳቸው ተነሣሽነት መስሎኝ። አንቺ ነሽ ያዘዝሻቸው?"

"እ... ጋሼ..."

"ቀኖና ነው ጋሼ!" ብሎ ጮኸ ዲያቆኑ፣ ሊያድነኝ።

አላዳነኝም!

ወላጅ ተንጫጫ። "ስንቅ የምሸከመው ልጄ የሷን ሥራ እንዲሠራላት ነው?" "ጉድ እኮ ነው!" ከመሀላቸው አንድ ዱላ የያዙ ሰውዬ ወጥተው ማይኩ አጠገብ ቆሙ።

"የኔዋ የሺም በየቀኑ ዴስክ ትወለውላለች አሉ። ምን አጥፍታ ነው? ንገሪኝ።"

ጋሽ ይበልጣል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። "ልጆቹ የነገሩሽን ተናገሪና ነገሩ ይጥራ። አለዚያ ሥራሽን ልታሠሪያቸው ነው ያታለልሻቸው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ አትገቢም።"

የሺ ሰልፉ መሀል ቆማ እያየችኝ ነበር። ማለቴ፣ በእኔ አቅጣጫ።

ዕድሜ ልኬን በዝምታዬ አፍራለሁ። ሻይ ቤት ዝም፣ ባጃጅ ውስጥ ዝም፣ አዳራሽ ውስጥ ዝም። ዛሬ ግን ፈልጌ ዝም አልኩ። አፌ ሊከፈት ሲል ያዝኩት። አንዲት ቃል ብቻ አመለጠችኝ።

"ኮንፊደንሻል።"

የየሺ አባት ወደ ዲያቆኑ ዞሩ። "ምን አለች? ግዕዝ ነው?"

"ግዕዝስ አይደለም" አለ ዲያቆኑ፣ አስቦበት።

ያኔ የሺ ከሰልፉ ወጣች። ማይኩን ፈልጋ እስክታገኘው ትንሽ ቆየች።

"አባዬ፣ ሰሌዳው አይታየኝም። የምገለብጠውም ለዚያ ነው። ዴስኩን የምወለውለው ፊት ለመቀመጥ ነው። እሷን ይተዉአት።"

በቃ፣ አሁን "ነይ ግቢ" ሊሏት ነው አልኩ።

"እንዴት ነው የማይታይሽ?" አሉ አባትየው።

"ከሦስተኛው ዴስክ ወዲያ ጉም ነው።"

ሰውዬው ግራ ገባቸው። "ታዲያ ለሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል እንዴ? ይኸው እኔ ዳይሬክተሩን ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን መች አየሁት? እዚያ ጋ ቀጥ ብለው የቆሙት እሳቸው አይደሉ?"

በዱላቸው ያሳዩን የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ነበር።

ዳይሬክተሩ በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በሌላ በኩል ናቸው!

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አሠልጣኟ ከእንግዶቹ መሀል ተነሥታ መነጽሯን አወለቀችና በሰውዬው ዓይን ላይ አደረገችላቸው። ሰውዬው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

"አቤት!" አሉ። "እንዲህ ብዙ ነበራችሁ?"

አወለቁትና ለልጃቸው አደረጉላት። የሺ ሰልፉን አየች። ምሰሶውን አየች። እኔን አየችኝ፤ አሁንስ በእርግጥ እኔን። አፈርኩና ባልዲዬን አየሁ።

"እንግዲህ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለና" አሉ አባቷ። "ለሁለታችንም ይዘዙልን። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።"

ሁሉም እየሳቀ ነው። አንድ ሰው በቀር።

"አትጠገብ" አሉ ጋሽ ይበልጣል። "ወደ ስቶር።"

ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ከዛሬው ነገር ምን ትምህርት እንደማገኝ አሰብኩ። ሲበርዳችሁ የሰው ሹራብ አትልበሱ። እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት። እሱም ቢሆን፣ ያን ሹራብ ነገ ባገኘው መልሼ አልለብሰውም? እናንተ ፍረዱ።

ስቶር ገባን። በሩን ገርበብ አደረጉት። ባጁን፣ ሰርተፍኬቱን፣ ሹራቡን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ ዴስክ ላይ ደረደርኩ። ብርድ ልብሱንም ጨመርኩበት።

እሳቸው ግን ሄደው ልጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። እዚያችው አንድ እግሯ የተሰበረ ዴስክ ላይ።

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እንግዲህ በዝምታ እኔን ማን ይችለኛል?

ከዚያ መናገር ጀመሩ። ስለ እኔ አይደለም። ስለ ሹራቡም አይደለም። ምን እንዳሉ አልጽፍም፤ ሺህ ላይክ ብትሰጡኝም አልጽፍም። ረጅም ነበር። መሀል ላይ አንዴ መሐረባቸውን አወጡ።

አልመከርኩም። አልፈረድኩም።

ሲጨርሱ፣ እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፣ "ጋሼ፣ ነገ ልምጣ ወይስ ልቅር?" አልኳቸው።

ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው መጥረጊያዎቼ የሚንጠለጠሉበት ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የሸሚዛቸውን እጅጌ ሁለት ጊዜ ጠቀለሉ። ከዚያ ቁልፉን ከዴስኩ ላይ አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡና፣ ዓይኔን ሳያዩ፣ በዚያ ኮሪደር በሚያንቀጠቅጠው ድምፃቸው፣ ግን በጣም ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

"ዛሬ ያልተጠረገው የትኛው ክፍል ነው?"